አርባ አንደኛው ረድፍ

ማክሰኞ ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ የሙልሶ ደሴት ጭቃ ሲገለጥ፣ ወይዘሮ ታክ ቦክሬ እንደ ልማዳቸው በመንሸራተቻ ሳንቃቸው ላይ አንድ ጉልበታቸውን አንበርክከው፣ በሌላው እግራቸው ጭቃውን እየገፉ ዛጎል ለመልቀም ወረዱ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በምዕራቡ በኩል ዘጠኝ ቁጥር ከተጻፈበት ችካል አጠገብ ሲደርሱ በግንባሩ የተደፋ ሰው አዩ። የጃኬቱ መታጠቂያ ችካሉ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። ፈትተው ገለበጡትና ፊቱን በመሐረባቸው ጠረጉለት። በደሴቱ ላይ ያለው የባሕር ምርምር ጣቢያ የስሌት ባለሙያ፣ የሠላሳ አራት ዓመቱ ፒዮ ኢንጄ ነበር። ቀኝ እግሩ ላይ ቦቲ አለ፤ ግራው በካልሲ ቀርቷል።

መርማሪ ጉ ዎልሱን በጠረፍ ፖሊስ ጀልባ ስትደርስ ሬሳው ደረቅ መሬት ላይ ወጥቷል፤ የደሴቱ ሰዎችም ከንፈራቸውን መጠው ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። የተራራ አገር ልጅ ነው፤ ጭቃ አያውቅም፤ ሙላቱ ሲመጣ ችካል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አብሯት የመጣው ሐኪምም ከዚህ የተለየ ነገር አላገኘም።

«ሰምጦ ነው የሞተው» አላት። «አንድ ቀን አልፎታል፤ ሰኞ ጠዋት ይመስለኛል። የድብደባ ምልክት የለበትም። ፈርሚና እንሂድ፣ ከሰዓት ንፋስ አለ ብለዋል።»

ዎልሱን አልፈረመችም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባልደረቦቿ ዓሣ እንደሚገዛ ሰው ሁሉን ነገር አገላብጣ ሳታይ አትነሣም ይሏታል። ቁጢጥ ብላ የሟቹን ቦቲ አወለቀችና በውስጡ የተጠቀጠቀውን ጭቃ በመዳፏ ዘረገፈችው። በምዕራቡ በኩል ያለው ጭቃ ግራጫና አሸዋማ ነው። ይኼኛው ሰማያዊ ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነበር። መሐሉ ላይ የሸርጣን ጥፍር ስባሪ አለ።

«ይህ ጭቃ ከየት ነው፣ እማማ?»

ቦክሬ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ከዚያ ዓይናቸውን ሰበሩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። የተማሩት ይንገሩሽ።»

ሃምሳ ዓመት ጭቃ የቆፈረች ሴት ጭቃ አላውቅም ማለቷን ዎልሱን በልቧ ያዘችው። በሟቹ የደረት ኪስ ውስጥ የራሰ ወረቀት አገኘች። የአርባ ችካሎች መለኪያ የሰፈረበት በቁጥር የተሞላ ሠንጠረዥ ነው፤ «ምሥራቅ» ከሚለው ሥር ከሃያ ሰባት እስከ ሠላሳ ሁለት ያሉት ረድፎች በእስክሪብቶ ተከበዋል። በኅዳጉ ላይ «ስድስቱ መንትዮች» የሚል ተጽፏል።

የጣቢያው ኃላፊ ፕሮፌሰር ናምጉንግ ሴዎን በመመገቢያ ክፍሉ ተቀበሏት። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሽበታቸው በሥርዓት የተበጠረ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። የገብስ ውሃ በሁለት እጃቸው ቀዱላት።

«አንገቴን ነው የደፋሁት፣ መርማሪ» አሉ። «በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእጄ ያለ ሰው ሞቶብኝ አያውቅም። ወላጆቹን በምን ዓይኔ እንደማያቸው እንጃ።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ሰኞ ማለዳ፣ በመስኮት። ባልዲውን ይዞ ወደ ምዕራብ ሲወርድ። ከዚያ ሳጣው በእኩለ ቀኑ መርከብ ወደ ከተማ የተሻገረ መሰለኝ።»

«እርስዎስ ወደ ጭቃው ይወርዳሉ?»

«ልቤ አይፈቅድልኝም። ከባሕር መከላከያው ግድብ ወዲያ ከረገጥኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አሁን ባሕሩን የማውቀው በሠንጠረዥ ነው።»

«ዓርብ በሕዝብ ፊት ታቀርባላችሁ ሲሉ በሰማሁት ሪፖርት ከሟቹ ጋር አልተጋጫችሁም?»

«ከኢንጄ ጋር? በፍጹም። እንደ ልጄ ነበር። ሪፖርቱም የታወቀ ነው፤ የምሥራቁ ጭቃ የሞተ ስለሆነ ተደፍኖ ወደብ ይሠራበት፣ የምዕራቡ ይጠበቅ የሚል ነው። ባለፈው ጸደይ ለመንደሩ ስብሰባም ይህንኑ ተናግሬአለሁ።»

«ምናልባት ኢንጄ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ቢሆንስ?»

ፕሮፌሰሩ ጥቂት አሰቡ። «አይመስለኝም። በምሥራቅ ቢያልፍ ኖሮ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በቀላ ነበር። ያ ቀይ የጨው ሣር ሲረገጥ ቀለም ይለቃል። የልጁን ሱሪ እርስዎም አይተውታል።»

«ልክ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለች ዎልሱን፤ በማስታወሻዋም ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ዳስ ወረደች። የመስክ ሠራተኛው ቦንግ ቴሺክ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ግራ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሰውነቱ የሕመም ማስታገሻ ልጥፍ ሽታ ይመጣል። ሰላምታ ለመስጠት ሲነሣ ከወገቡ እንጂ ከጉልበቱ አልታጠፈም።

«ሰኞ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ዋልኩ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ብቸኛ ሰው ማን ያየዋል?»

«አርባውን ችካል የሚለካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየወቅቱ።»

«የምሥራቆቹንም? ከሃያ ሰባት እስከ ሠላሳ ሁለት?»

«አርባ ሲባል እነሱም አሉበት እኮ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ግድግዳው ላይ ባልዲዎች፣ አካፋዎችና አንድ የመንሸራተቻ ሳንቃ ተሰቅለዋል። በባልዲዎቹና በአካፋዎቹ መሐል የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። በሳንቃው ዙሪያ ግን ድር የለም፤ እንጨቱም ሲነኩት ርጥብ ነበር።

«ሳንቃውን ሰሞኑን የወሰደ ሰው አለ?»

«ለወራት የነካው የለም» አለ ቴሺክ። ይህን ሲል ግን ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ በቀጥታ አያት። ዎልሱን ይህንኛው እውነቱ እንደሆነ ገመተች።

ዮም ሂጁን ያገኘቻት በኮምፒዩተሮቹ ክፍል ነው። ሂጁ የሠላሳ ሦስት ዓመት ተመራማሪ ናት፤ ዶክትሬቷን የሠራችው በዚሁ ጣቢያ መረጃ ላይ ነው። ዓይኗ አብጧል። እሑድ ማታ ከኢንጄ ጋር እንደተጣላች፣ ሰኞን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ እንደዋለች ሳትጠየቅ ተናገረች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በእኔ ውርደት» አለች ሂጁ። «መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳዎት። አርባ ችካል አለን፤ ስለ እያንዳንዱ አሥራ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። ጨዉ ስንት ነው? ይህ ቁጥር ነው። ቀለሙ ምንድን ነው? ይህ ስም ነው። ጥንካሬውስ? ይህ ደረጃ ነው፤ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ጠጣር። ሸርጣን አለ ወይ? አለ ወይም የለም። ከዚያ የሚመሳሰሉትን ችካሎች አንድ ላይ እንሰበስባለን፣ እንደ ወይን ዘለላ።»

«ስምን ከቁጥር ጋር እንዴት ትደምሪዋለሽ?»

ሂጁ ፊቷ ቀላ። «አይደመርም። እኔ ግን ደመርኩ። ቀለሞቹን ለመለያ ያህል ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ቡናማ አንድ፣ ሰማያዊ ጥቁር አምስት። ኮምፒዩተሩ ቁጥር ሲያይ ጊዜ ቀነሳቸው። አምስት ሲቀነስ አንድ፣ አራት፤ ስለዚህ ቡናማ ከጥቁር አራት ርምጃ ይርቃል አለ። ከክርስቲያን ላይ ቡድሂስት ሲቀነስ ስንት ይቀራል እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ተመረቅሁ። በዚያ ላይ ፕሮፌሰሩ ሪፖርት ጻፉ።»

«ኢንጄ አገኘብሽ?»

«ከወር በፊት። በሰው ፊት አላዋረደኝም፤ በሩን ዘግቶ ነገረኝ። እሱ እያንዳንዱን ጥያቄ በየራሱ ወግ ነው የለካው። ቁጥሩን እንደ ቁጥር፣ ደረጃውን እንደ ደረጃ፤ ስሙን ደግሞ ያው ነው ወይስ ሌላ ብቻ ብሎ። ሁሉንም ከዜሮ እስከ አንድ አድርጎ አማካዩን ይወስዳል። መልስ የሌለውን ጥያቄ ይዘለዋል።»

«ሁለቱም ቦታ ሸርጣን ባይኖርስ? ይመሳሰላሉ?»

«አይቆጠርም። እኔም እርስዎም ዝሆን የለንም፤ ያ እህትማማች አያደርገንም።» ፈገግ ልትል ብላ የሟቹ ወንበር ባዶ መሆኑን አየችና አፏን በእጇ ሸፈነች። «ይህን ቀልድ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ዎልሱን በፕላስቲክ ከረጢት የያዘችውን ጭቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህን አርባ አንደኛ ረድፍ አድርገሽ አስገቢልኝ። የምናውቀውን እንሙላ፣ የማናውቀውን ባዶ እንተው።»

ቀለሙን ከናሙናው ካርድ ጋር አስተያዩ፤ በወንፊት አጣርተው የደቃቁን መጠን መዘኑ፤ ሽታውንና ልስላሴውን ጻፉ፤ ሸርጣን አለ አሉ። ከአሥራ አንዱ ጥያቄ አምስቱ ተመለሰ። ሂጁ ኮምፒዩተሩን አስነሣች፤ ውጤቱን አይታ እንደገና አስነሣችው።

«ለብቻው ቆመ» አለች ቀስ ብላ። «ከማንም ዘለላ አይገባም። ከሁሉም የሚቀርበው ችካል እንኳ ከመቶ አርባ አንድ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ይህ ጭቃ ከእኛ አርባ ችካሎች የተገኘ አይደለም።»

«ወይም ከእናንተ አርባ ችካሎች አንዳንዶቹ ከጭቃ የተገኙ አይደሉም።»

ሂጁ እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሣች።

«መንትዮቹ እነማን ናቸው?» አለች ዎልሱን።

«ቀለሞቹን እንደ ስም ስንቆጥር ስድስቱ የምሥራቅ ችካሎች አንድ ጥብቅ ዘለላ ሆነው ወጡ። ከቀለም በቀር በሁሉም ነገር አንድ ናቸው፤ ከመቶ ዘጠና ይመሳሰላሉ። ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ባልዲ ቢቀዱ እንኳ ከሰማንያ ሦስት አይበልጥም። በእኔ መንገድ ሲቀነስ ግን ቀለማቸው እየበታተነ ደብቋቸው ኖሯል። እሑድ ማታ ኢንጄ ‹ሃያ ዘጠኝን ረግጠሽው ታውቂያለሽ?› አለኝ። ረግጬው አላውቅም። ያፈርኩበትን ያህል ጮህኩበት። የማውቀው መጨረሻው ይኼ ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ አንብቢልኝ። በእነዚህ ስድስት ረድፎች ውስጥ ስለ ዕፅዋት ምን ተጽፏል?»

«ዜሮ። በዘጠኙም ዓመት ዜሮ።»

ዎልሱን እስክሪብቶዋን ከድና በመስኮቱ ወደ ግድቡ ስታይ ቆየች። ምሥራቁ ከጣቢያው አይታይም፤ የድንጋዩ አፋፍ ጋርዶታል። ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም፤ በጭቃው ላይ ካልተኬደ በቀር።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወይዘሮ ቦክሬን ለመነቻቸውና ሁለት ሳንቃ ይዘው ወረዱ። ገና ሃምሳ ርምጃ ሳይሄዱ አሮጊቷ ዞረው አዩአት።

«ያንቺ አገፋፍ የባዳ አይደለም። የማን ልጅ ነሽ?»

«እናቴ ከማዶው ደሴት ናት፤ ጭቃ ለቃሚ ነበረች።» ዎልሱን ትንሽ ገፋችና ጨመረች። «አንድ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ ምሳ ይዛልኝ መጣች፤ ጭቃዋን ሳትታጠብ። ለጓደኞቼ ሠራተኛችን ናት አልኳቸው። ሰምታኛለች። ‹ይኸው፣ እሜቴ› ብላ ምሳውን ሰጥታኝ ሄደች። እስክትሞት ድረስ አላነሣችብኝም።»

ከአፋፉ ጀርባ ሲዞሩ ቦክሬ ፍጥነታቸውን ቀነሱና ጎን ለጎን ሆኑ።

ምሥራቁ ቀይ ነበር። አጫጭር የጨው ሣር ከጥቁሩ ጭቃ ላይ ተረጭቶ እስከ ቦዩ ድረስ ወርዷል። በየሣሩ መሐል የሸርጣን ጉድጓድ እንደ ወንፊት ጠቅጥቆታል፤ ጥላቸው ሲያርፍባቸው ሺህ ጥፍሮች ባንዴ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ይህ ሣር መቼ መጣ?»

«ሦስት መከር ይሆነዋል። ያኛው የመርከብ ማቆሚያ ከተሠራ ወዲህ ደለሉ ሲለወጥ ነው የበቀለው።»

«የረገጠው ሰው ሱሪ ይቀላል?»

«ይቀላል እንጂ። ባሕር ሲገባበት ይታጠባል።» ቦክሬ ሳንቃቸውን አቆሙ። «ጭቃውን አላውቅም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ባለፈው ጸደይ ስብሰባው ላይ ፕሮፌሰሩ ምሥራቁ ሞቷል ሲሉን ከኋላ ተቀምጬ ነበር። በቅርጫቴ ውስጥ የዚያኑ ዕለት ከዚሁ ከሞተው ያወጣሁት ሸርጣን ይንኮሻኮሻል። ልናገር ብዬ ተነሣሁና ልብሴን አየሁት። እሳቸው ወረቀት ይዘዋል፣ እኔ ምን ይዤ ነው የምናገረው? ተቀመጥኩ። ቅርጫቱንም በቀሚሴ ሸፈንኩት። ያ ልጅ ግን ቅዳሜ ቤቴ ድረስ መጥቶ ‹እማማ፣ እዚያ ሸርጣን አለ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ባልነግረው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ሃያ ዘጠኝ ቁጥር ችካል አጠገብ፣ በቦዩ አፍ ላይ፣ የጎማ ጫፍ ከማጡ ብቅ ብሎ አዩ። ሁለቱ ሴቶች በሳንቃቸው ላይ ተኝተው በእጃቸው እየቆፈሩ አወጡት። የግራ እግር ቦቲ ነበር።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በመመገቢያ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ማንም ሩዙን አልነካም። ዎልሱን ጭቃ እንደነካት ቆማ ቦቲውን ጋዜጣ ላይ አስቀመጠች።

«ኢንጄ በምዕራብ አልሞተም» አለች። «የቀኝ ቦቲው ውስጥ ያለው የምሥራቅ ጭቃ ነው፤ የግራው ሃያ ዘጠኝ አጠገብ ማጥ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። እዚያው ተይዞ ሰኞ ጠዋት ሙላቱ ደረሰበት። ማጡ ስለያዘው ባሕሩ አልወሰደውም። በማግስቱ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የተገኘው ሰው ስላመጣው ነው። ሊሰምጥ ያለ ሰው ችካል የሚይዘው በእጁ ነው፤ መታጠቂያውን ሁለት ጊዜ አይጠመጥምም። ያመጣውም ሰኞ ማታ ባሕሩ ዳግመኛ ሲሸሽ፣ በጣቢያው ሳንቃ ነው። ሳንቃው ትናንት ርጥብ ነበር፤ የሸረሪት ድሩም ተበጥሷል።»

«ለምን ያመጣዋል?» አለች ሂጁ።

«በምሥራቅ ቢገኝ ሰው ሁሉ ምሥራቁን ሊያይ ይሄዳል። ያን ቦታ እንዳናይ የሚፈልግ ሰው ነው ያመጣው። አቶ ቴሺክ፣ ስድስቱን ረድፎች የፈጠሩት እርስዎ ነዎት።»

ቴሺክ አንገቱን ደፋ።

«ጉልበትዎ ከተጎዳ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አራት ዓመት» አለ። «ቅርቦቹን እንደምንም እየጎተትኩ እለካለሁ። ወደ ምሥራቅ ግን መሻገር አልቻልኩም። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ አይደለም፤ አንካሳ መባሉን ነው የፈራሁት። የበፊቱን ቁጥር እያየሁ ትንሽ ትንሽ እለውጥ ነበር። ቀለሙን በደንብ አቀያየርኩት፤ የተለያየ እንዲመስል።»

«ሰኞስ?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሳያያት ሰጣት። የከተማው ክሊኒክ ማኅተም ያረፈበት የጉልበት ራጅ ቀጠሮ ነው፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይላል።

«ይህን ቢያሳዩኝ ትናንት ከጥርጣሬ በወጡ ነበር።»

«ለምን ሄዱ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ገዳይ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

ዎልሱን ወረቀቱን መለሰችለት። «በማጥ ላይ መሄድ የማይችል ሰው ኢንጄን እዚያ አላደረሰውም፤ ሬሳውንም አላመጣውም። ሂጁም አይደለችም። የቦቲውን ጭቃ ያስገባችልኝ እሷ ናት፤ ጥፋተኛ ብትሆን ሁለት ቁጥር ለውጣ ከምዕራቡ ዘለላ ትቀላቅለው ነበር፤ እኔም አላውቅባትም። እማማ ቦክሬ ደግሞ ኢንጄ ዓርብ ዕለት እንዲናገርላቸው ከማንም በላይ የሚፈልጉ ሰው ናቸው።»

ቀና ብላ ፕሮፌሰሩን አየች። «ፕሮፌሰር፣ ትናንት ኢንጄ በምሥራቅ ቢያልፍ ሱሪው በቀላ ነበር አሉኝ።»

«ብያለሁ።»

«ከግድቡ ወዲያ ከረገጡ ሰባት ዓመት ሆኖዎታል። ባሕሩን የሚያውቁት በሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ በምሥራቅ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቅጠል በቅሎ አያውቅም ይላል። ቀዩ ሣር እዚያ ከበቀለ ደግሞ ሦስት መከር ነው። ታዲያ ማን ነገረዎት?»

ፕሮፌሰር ናምጉንግ የገብስ ውሃቸውን አነሡ፤ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ልቤ ታሟል ይሉ ነበር እኮ» አለች ሂጁ በጭንቀት፣ ለእሳቸው መውጫ የምትፈልግ ይመስል። «ሳንቃ መግፋት አይችሉም።»

«ሳንቃ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ ቦክሬ። «ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። ከመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ይፈጥኑ ነበር።»

«ልቤ ደኅና ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ። «ወንበሩ ጣመኝና ቀረሁ። ደከመኝ ለማለት አፈርኩና አመመኝ አልኩ።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖሩ። «እሑድ ማታ ክፍሌ መጥቶ ነገረኝ። አላመንኩትም፤ ጠዋት አብረን እንየው አልኩት። እሱ በእግሩ፣ እኔ በሳንቃ ሄድን። ሣሩን አየሁ። ሸርጣኑን አየሁ። መንደሩን ሰብስቤ ሞቷል ያልኩት እሱን ነው። ኢንጄ ደስ ብሎት እንደ ሕፃን ከጉድጓድ ጉድጓድ ይሮጥ ነበር። ‹ዓርብ አብረን እንነግራቸዋለን፣ መምህር፤ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ› አለኝ። ይህን እያለ ቦዩ ውስጥ እስከ ጭኑ ገባ።»

«ሳንቃው ከእርስዎ ጋር ነበር» አለች ዎልሱን።

«ብገፋለት ይበቃ ነበር። ዐሥር ርምጃ አይሞላም። ‹መምህር፣ ሳንቃውን› አለኝ። እኔ ስለ ዓርብ እያሰብኩ ነበር፤ ተነሥቼ ስናገር የሚያዩኝን ፊቶች አንድ በአንድ እቆጥር ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። መጀመሪያ ያልሰማሁት መስሎት ጮክ ብሎ ደገመው። ከዚያ ዓይኔን አየና ገባው።» ፕሮፌሰሩ የገብስ ውሃውን ከፊታቸው አራቁ። «አልሰደበኝም። አልለመነኝምም። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። በእኔ ቦታ አፈረልኝ። እኔም ሳንቃዬን ይዤ ተመለስኩ።»

ቦክሬ መሐረባቸውን አውጥተው በእጃቸው እንደጨበጡት ቀሩ። ቴሺክ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዎልሱን እጀ ሰንሰለቱን ስታወጣ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ራሳቸው አቀረቡ፤ በልብስ ሸፍኑልኝም አላሉም።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። በእኩለ ቀኑ መርከብ የመጣ አንድ ሽማግሌ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ልብሱ የሌላ ሰው እንደሆነ ትከሻው ላይ ያስታውቃል። በሁለት እጁ አንድ ካርቶን ፖም ይዟል። ማን ምን እንደሆነ አላወቀም። ሸምገል ያሉትን ሰው አየና ኃላፊው እሳቸው መሆናቸውን ገምቶ፣ ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ፣ ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ሰገደላቸው።

«የኢንጄ አባት ነኝ» አለ። «ልጄ ጭቃውን ሳያውቅ ገብቶ ትልቅ ሥራችሁን አስተጓጎለ። አላዋቂ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ፕሮፌሰሩ ሰንሰለት ያለበትን እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች ለመደበቅ ሞከሩ፤ ሰንሰለቱ ተንኳኳ። ከዚያ ወንበራቸውን ትተው ወለሉ ላይ ወደቁና ከሽማግሌው ግንባር ዝቅ ለማለት ፊታቸውን መሬት ላይ አጣበቁ። ሽማግሌው ደንግጦ ከእሳቸው ይልቅ ዝቅ ለማለት ሞከረ።

«ይነሡ፣ አባቴ» አለች ዎልሱን ክንዱን ይዛ። «ልጅዎ ጭቃውን ያውቅ ነበር። እዚህ ካሉት የተማሩ ሰዎች ሁሉ በትክክል ያወቀው እሱ ነው። የሳተው እሱ አይደለም።»

ሽማግሌው በግማሽ ተነሥቶ በክፍሉ ያሉትን ፊቶች ተራ በተራ አየ። «እሱ ካልሳተ» አለ፣ በትሕትና፣ ለመረዳት ብቻ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ማን ነው የሳተው?»

ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ጥያቄውን አልደገመም፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ እጆቹን ጭኑ ላይ አኑሮ ጠበቀ። በመጨረሻ ሂጁ ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቡ ተንበረከከችና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ከቀለሞቹ ጀምራ፣ ትነግረው ጀመረች።